ተፈጥሮ አድሏቸው አትበሉ

የኪዮቶን ፎቶዎች የለጠፍኩ ጊዜ ከግማሽ በላዩ ኮሜንት አንድ ዓይነት ነበር። «ተፈጥሮ ሲያድል እንዲህ ነው!»፣ «እግዜር ሳይሰስት የሰጣቸው አገር!» የሚል። ስለ መልካም ቃላችሁ አመሰግናለሁ። በሐሳቡ ግን አልስማማም። አንድ ሙሉ ቀን ዞሬ ያየሁትን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ተፈጥሮ ድርሻዋን ታዋጣለች፤ አልክድም። ኪዮቶ በሦስት በኩል ተራራ የከበባት ከተማ ናት። ኖቬምበር ሊያልቅ ሲል፣ ቀኑ ፀሐይ ሆኖ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ የሜፕሉ ቅጠል አረንጓዴነቱን ይለቅና እንደ ፍም ይቀላል። ጃፓኖች ይህን ለማየት መሄዱን ራሱን «ሞሚጂጋሪ» ይሉታል፤ የቀይ ቅጠል አደን እንደ ማለት ነው።

ጠዋት የሄድኩት ቶፉኩጂ ነው። ከኪዮቶ ባቡር ጣቢያ አንድ ፌርማታ ብቻ ነው፤ ከዚያ በእግር። በ1236 የተመሠረተ የዜን ገዳም ሲሆን፣ በሸለቆው ውስጥ 2,000 ያህል የሜፕል ዛፎች አሉት። ድሮ ግን ቼሪም ነበረበት ይባላል። ሚንቾ የሚባል ሠዓሊ መነኩሴ፣ ገዥው «ምን ልሸልምህ?» ቢለው፣ «ቼሪዎቹን አስቆርጥልኝ፤ ገዳሙ የመዝናኛ ቦታ እንዳይሆን» አለው ብለው ይተርካሉ። አያችሁ? የትኛው ዛፍ ይኑር፣ የትኛው ይቆረጥ የሚለውን እንኳ የወሰነው ሰው ነው።

ሰዉ ሁሉ ወደ ላይ አንጋጦ ቅጠል ሲያይ እኔ ወደ ታች አየሁ። አንድ ሽማግሌ በቀርከሃ መጥረጊያ መንገዱን ይጠርጋሉ። ወዲያ ማዶ ሁለት ሴቶች ተንበርክከው፣ በእርጥብ መሬት ላይ የሚበቅለውን ያንን አጭር አረንጓዴ ምንጣፍ በጣታቸው ያርማሉ። ያረጀው ዛፍ ቅርንጫፉ እንዳይሰበር ባላ ተደግፎለታል። በስተሰሜን ያለው የአትክልት ቦታ ደግሞ እንደ ዳማ ሰሌዳ አንዱ ካሬ ድንጋይ፣ አንዱ ካሬ አረንጓዴ ነው። ሚሬይ ሺጌሞሪ የሚባል ባለሙያ በ1939 ሲሠራው የተጠቀመው እዚያው ገዳም ውስጥ ተነጥፎ የነበረ አሮጌ ድንጋይ ነው፤ በገዳሙ ሥርዓት የሚጣል ነገር የለምና።

ሁሉም ፎቶ የሚመኝበት የእንጨት ድልድይስ? ጹቴንክዮ ይባላል። በ1959 አውሎ ነፋስ አፍርሶት በ1961 መልሰው ሠሩት። ቅጠሉ በሚያምርበት ሰሞን ድልድዩ ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። አጠገቤ የነበረ አንድ ቱሪስት «1,000 የን ከፍዬ!» እያለ ሲያጉረመርም ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ። ስልኩ ኪስ ሲገባ ሰዉ በዓይኑ ማየት ጀመረ፤ መተላለፊያውም አልተዘጋም።

ከሰዓት ኪዮሚዙዴራ ሄድኩ። ታሪኩ ከ778 ይጀምራል፤ አሁን ያለው ዋና አዳራሽ ግን በ1633 እንደገና የተሠራ ነው። ያ 13 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጠለጠለ ሰገነት የቆመው ያለ ሚስማር በተጋጠሙ ወፋፍራም ምሰሶዎች ነው። ጣሪያው ከዛፍ ልጥ ስለሆነ ያረጃል፤ ከ2017 እስከ 2020 ድረስ ሙሉ በሙሉ ቀይረውታል። በፖስትካርድ የምናውቀው ባለ ወርቁ ኪንካኩጂም ቢሆን በ1950 አንድ ወጣት መነኩሴ አቃጥሎት በ1955 የቆመ ነው። እንግዲህ «ጥንታዊ» የምንለው ሁሉ በየትውልዱ አናጺ እየጠገነው የደረሰን ነው።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ብዙ ሰው ኪዮቶ ቱሪስት ጠላች ይላል። በ2024 ጊዮን የሚባለው ሰፈር የግል መተላለፊያዎቹን ለጎብኚ ዘግቶ 10,000 የን ቅጣት የሚል ሰሌዳ ተከለ። ለቱሪስት ርካሽ የነበረውን የቀን የአውቶቡስ ቲኬት መሸጥ በ2023 አቆሙ። የሆቴል አዳር ቀረጡም ከማርች 2026 ጀምሮ እስከ 10,000 የን ይደርሳል። እኔ ይህን ሁሉ ትክክል ነው እላለሁ። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያላቸው አሮጊት በእኛ ሻንጣ ምክንያት አውቶቡስ ላይ መውጣት ካቃታቸው፣ ያ ከተማ ለባለቤቱ አልሆነም ማለት ነው።

«ሀብታም ብቻ ይጎብኝ ነው እንዴ የምትለው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ያ 10,000 የን ለአንድ ሌሊት 100,000 የንና ከዚያ በላይ ለሚከፍል ሰው ነው። ከ6,000 የን በታች የሚያድር የሚከፍለው 200 የን ነው። የኪዮሚዙዴራ መግቢያም 500 የን ነው፤ እዚህ አንድ ቡና አይገዛም። እንደ አቅም ይከፈል ነው ያሉት፤ ይህ ደግሞ ፍትሕ ነው።

ማታ ስመለስ ታክሲ ያዝኩ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ሹፌሩን ነበር የማየው። ነጭ ጓንት አድርጓል፤ የኋላውን በር ከመቀመጫው ሳይነሳ ከፈተልኝ፣ ዘጋልኝ። ቲፕ ብሰጠው ሁለት እጁን እያወዛወዘ አጎንብሶ መለሰልኝ። ዋጋው ሜትሩ ላይ አለ፤ ሥራው ደግሞ ሥራው ነው። እኛ መሪ ስንጨብጥ የምንውል ሰዎች ይህ ይገባናል። ተሳፋሪ መንገዱን ያያል እንጂ የሹፌሩን የ12 ሰዓት ወገብ አያይም። ቱሪስትም ቅጠሉን እንጂ ጠራጊውን አያይም።

የዲሲ ልጆች ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። በየጸደዩ ሰው የምናመላልስበት የታይዳል ቤዝን ቼሪ በ1912 ከቶኪዮ በስጦታ የመጣ ነው። በ2024 የውኃ መከላከያው ግንብ እንዲታደስ ከ100 በላይ የቼሪ ዛፎች ሲቆረጡ ስንቶቻችን አዘንን! ስጦታውን ይዞ የሚያቆየው ግን ግንበኛና አትክልተኛ ነው።

ስለዚህ ለመሄድ ያሰባችሁ፦ ማልዳችሁ ውጡ፤ ትልቅ ሻንጣ ይዛችሁ አውቶቡስ አትሳፈሩ፤ «ፎቶ ክልክል ነው» ሲባል አትከራከሩ፤ የሚጠርግ ሰው ስታዩም ጎንበስ ብላችሁ ሰላም በሉ። የማትስማሙ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ማታ ከሥራ ስወጣ አነባለሁ። በሰላም ያገናኘን!