ሴቶቹ ተርቦች የት ገቡ?

ባለፈው ሴሚስተር ለፕራክቲካል ሥራዬ ከደምበጫ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ማሳ የበቆሎ አገዳ እየሰነጠቅሁ የአገዳ ቆርቁር ትሎች ሰብስቤ ነበር። ከአንዱ ትል አጠገብ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ነጫጭ ኮኩኖች ተከማችተው አገኘሁ። መምህራችን አይተው ኮቴሺያ የምትባለው ጥገኛ ተርብ ናት አሉኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ!

ቆጠራው እንዲመቸኝ ኮኩኖቹን አንድ በአንድ ለይቼ በየብልቃጡ ከተትኋቸው። ሲፈለፈሉ ሴቶቹን መርጬ ጤነኛ ትል ሰጠኋቸው። ወጓቸው፤ ትሎቹም ሞቱ፤ አዲስ ኮኩንም ወጣ። እኔም ሪፖርቴ ላይ የሚያኮራ የፓራሲቲዝም ፐርሰንት ሞላሁ። በኋላ ግን አዲሶቹን በማይክሮስኮፕ ሳይ ሁሉም አንቴናቸው ረዥም፣ ሁሉም ወንድ። አንዲት ሴት እንኳ የለችም። ዘራቸው እዚያው ላይ አበቃ ማለት ነው።

ነገሩ ለጎጃም ንብ አናቢ እንግዳ አይደለም። አውራዋ በሞተችበት ቀፎ ሠራተኞቹ እንቁላል ቢጥሉም የሚወጣው ድንጉላ ብቻ ነው። ተርብም እንደዚሁ ናት። ያልዳበረ እንቁላል ወንድ፣ የዳበረ እንቁላል ሴት ይሆናል። ከወንድ ጋር የተገናኘች ሴት ዘሩን በሆዷ ከረጢት ይዛ እንደ ፍላጎቷ ታዳብራለች፤ ያልተገናኘችዋ ግን መካን አይደለችም፣ ትወልዳለች፣ ወንድ ብቻ! ኮቴሺያዎች ደግሞ በተፈጥሯቸው ከአንድ ትል ብዙ ሆነው ወጥተው እዚያው ኮኩናቸው አጠገብ እርስ በርስ ይገናኛሉ። በብልቃጥ የለያየኋቸው እኔ ነኝ።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይኸውላችሁ። የፓራሲቲዝም ፐርሰንት ብቻውን ያታልላል። ያልተገናኘችም ሴት ትሉን ትገድላለችና ቁጥሩ ያው ነው። ተባዩን የምትወጋው ግን ሴቷ ብቻ ስለሆነች ለከርሞ የሚጠቅመን የሴቶቹ ብዛት ነው። እኛ ክፍል ውስጥ ግን ስንት ትል ሞተ እንጂ ስንት ሴት ተወለደ ብለን ስንጠይቅ አልሰማሁም።

ከውጭ የምትመጣዋ ትበቃናለች የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ኮቴሺያ ፍላቪፔስ እ.ኤ.አ. በ1993 ከፓኪስታን መጥታ ኬንያ ውስጥ ተለቀቀች። ኢትዮጵያ ውስጥ ማንም ሳይለቃት ገብታ መላመዷን እማና ጌቱና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ጽፈዋል። ግን እሷ የምትስማማው በተለይ ለቆላው ቆርቁር ለኪሎ ፓርቴለስ ነው። በደጋው የሚበረታው ቡሴዎላ ፉስካ እንቁላሏን በሰውነቱ ውስጥ ከብቦ ይገድለዋል። ስለዚህ ለእኛ ተስፋ የምትሆነው ያገሯ ኮቴሺያ ሰሳሚዬ ናት። እሷም ብትሆን ከየትም አምጥተህ የምትቀላቅላት አይደለችም። ኬንያ ውስጥ በተደረገ ጥናት ወልባኪያ የሚባለውን ባክቴሪያ የያዘ ወንድ ካልያዘች ሴት ጋር ሲገናኝ ሴት ልጆች በጣም እንደሚያንሱ ታይቷል። ተገናኝተውም ከንቱ ማለት እኮ ነው!

የመጤ ተምቹ ነገር ደግሞ ይብሳል። በ2009 ዓ.ም. አገራችን ከገባ በኋላ በተደረገ ጥናት እዚህ በብዛት የተገኘችበት ጥገኛ ተርብ ኮቴሺያ አይሲፔ ናት። እሷ ከአንድ ትል አንድ ብቻ ሆና ነው የምትወጣው። እህት ወንድም አጠገቧ ስለሌለ ባሏን ፈልጋ ማግኘት አለባት። ጥቂት ተርብ በሰፊ ማሳ ከበተንን ማን ከማን ይገናኛል?

«ተፈጥሮ ራሷ ታገናኛቸዋለች» ያለኝ ጓደኛዬ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ማሳ ላይ ኮኩኑ ሳይነካ ከተተወ ልክ ነው። ላብራቶሪ ገብተን እጃችንን ስንከት ግን ኃላፊነቱ ከተፈጥሮ ወደ እኛ ይዞራል። ወንዱም ቢሆን ብዙ ሴት በተከታታይ ሲያገኝ ዘሩ ስለሚያልቅበት፣ በአንድ ሣጥን ሁለት ወንድ ጥሎ ሃምሳ ሴት ማኖር አያዋጣም።

ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። የፕራክቲካል ቅጻችን ላይ «የሞተ ትል» ከሚለው ቀጥሎ «ሴት» እና «ወንድ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ይጨመሩልን። ተርቦቹም ከተፈለፈሉ በኋላ ለአንድ ቀን አብረው ይቆዩና ከዚያ ትል ይሰጣቸው። እኔ ዘንድሮ ሥራውን እንደገና ጀምሬዋለሁ፤ ኮኩኖቹ ከነክምራቸው በአንድ ብልቃጥ ናቸው። መቁጠሩ ትንሽ አስቸግሮኛል።