የቡናው ምድር ድርሻ፦ ቴፒ እና የተመጣጠነ ክልላዊ ልማት ጥያቄ

ቴፒ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 611 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሸካ ዞን የኪ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ቁንዶ በርበሬውና እርዱ በአንድ ገበሬ ጓሮ ጎን ለጎን ይበቅሉባታል። በቡና ለቀማ ወራት የጭነት መኪኖች ጀንፈልና የታጠበ ቡና ጭነው ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ዘይት፣ ሳሙናና ቆርቆሮ ይዘው ይመጣሉ። ስለ ተመጣጠነ ክልላዊ ልማት ስንነጋገር ከዚህ ምልልስ ብንጀምር ነገሩ በቶሎ ይገባናል።

ሕጉ በዚህ ረገድ አሻሚ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 89 መንግሥትን የዜጎችን ሁሉ እኩል የኢኮኖሚ ዕድልና ፍትሐዊ የሀብት ክፍፍል እንዲያረጋግጥ ግዴታ ይጥልበታል፤ በልማት ወደ ኋላ ለቀሩት ሕዝቦችም ልዩ ድጋፍ እንዲደረግላቸው ያዝዛል። ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የጎደለው ሕግ አይደለም።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም የተወለደው ከዚሁ የድርሻ ጥያቄ ነው። የከፋ፣ የሸካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የዳውሮና የምዕራብ ኦሞ ዞኖች ከኮንታ ልዩ ወረዳ ጋር በመስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከቀድሞው የደቡብ ክልል ወጥተው፣ በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን አሥራ አንደኛው ክልል ሆነው ተመሠረቱ። ከዚያ በፊት የቴፒ ባለጉዳይ የክልል ውሳኔ የሚጠብቀው ከሐዋሳ ነበር። ካርታውን የተመለከተ ሰው ድካሙን ሳይነገረው ይረዳዋል።

አዲሱ ክልል ሁሉን ነገር በአንድ ከተማ አለመሰብሰቡም ልብ ሊባል ይገባል። ቦንጋ የአስፈጻሚው፣ ተርጫ የክልሉ ምክር ቤት፣ ሚዛን አማን የዳኝነቱ፣ ቴፒ የብሔረሰቦች ምክር ቤት መቀመጫ እንዲሆኑ ተደረገ። አሠራሩ ወጪ ያበዛል፤ ሠራተኛውንም ባለጉዳዩንም ያንከራትታል የሚሉ አሉ፤ ትችታቸው መሠረት የለውም አንልም። ነገር ግን አንድ ከተማ ሁሉን ጠቅልሎ ሲያድግ የቀሩት ተመልካች ሆነው የኖሩበትን ዘመን ያየ ሕዝብ ይህን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ይሁንና መሥሪያ ቤት ወደ አንድ ከተማ ይዞ የሚመጣው ደመወዝን፣ የቤት ኪራይንና የምግብ ቤት ገበያን ነው። እነዚህ ሁሉ የሚከፈሉት ከበጀት ነው፤ በጀቱ ሲጠብ እነርሱም ይጠብባሉ። ከምርት የሚገኝ ገቢ ግን ሥር አለው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመውና አንዱን ግቢ በቴፒ ያደረገው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ወጣቶችን ያስመርቃል፤ በከተማዋ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም የቅመማ ቅመም ዝርያዎችን ሲያጠና ኖሯል። ዕውቀቱ በደጅ እያለ ምርቱን የሚያቀነባብር ፋብሪካ ግን ከደጅ የለም።

ለምን ቢባል፣ መልሱ ከፊሉ በክልሎች አወቃቀር ታሪክ ውስጥ ይገኛል። መንግሥት የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኮችን ሲጀምር አራት ቦታዎችን መረጠ፤ በአማራ ቡሬ፣ በኦሮሚያ ቡልቡላ፣ በትግራይ ባዕከር፣ በደቡብ ይርጋለም። ለየክልሉ አንድ ማዳረሱ በወረቀት ላይ ሚዛናዊ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ለደቡብ ክልል የደረሰ ድርሻ ተደርጎ ይቈጠር ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሲሆን ሁለቱም ፓርኮች በዚያው ወሰን ውስጥ ቀሩ። የሲዳማ ወገኖቻችን በዚህ የሚወቀሱበት ነገር የለም፤ ፓርኮቹ የተተከሉት በምድራቸው ነው። ነገር ግን በደቡብ ስም ድርሻው እንደ ደረሰው ሲቈጠርለት የኖረው ደቡብ ምዕራብ ክልል በሆነ ማግሥት በእጁ የቀረው የማቀነባበሪያ ፓርክ አልነበረም። ክልልን በአማካይ መመዘን እንዲህ ያለውን ጉድለት ይሸፍናል።

በቅርብ ዓመታት የፌዴራሉ መንግሥት ዐይን ወደዚህ ክልል መዞሩን አለመጥቀስ ደግሞ ፍትሕ ማጓደል ይሆናል። የኮይሻ ግድብ፣ በገበታ ለሀገር በዳውሮ የተሠራው ሀላላ ኬላ፣ በኮንታ የተገነባው የዝሆን ዳና ሎጅ የሚታዩ ሥራዎች ናቸው። ከየኪ ገበሬ ደጅ ግን ሁሉም ሩቅ ናቸው፤ የእርሱ ጥያቄ ጓሮው ካለው ቡና ጋር የተያያዘ ነው።

ሀገራችን በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ አግኝታለች። ከዚህ ውስጥ በበቀለበት ስፍራ የሚቀረው የእሸቱና የጀንፈሉ ዋጋ ነው። ለውጭ ገበያ የሚያዘጋጁት የላኪዎች ማበጠሪያዎች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ነው፤ የማበጠሪያው ሥራም፣ የመጋዘኑ ኪራይም፣ የድርጅቱ ግብርም በዚያው ይቀራል። የጌሻ ቡና ታሪክ ከዚህም ይመራል። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ደኖች ተወስዶ በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ አድርጎ ፓናማ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በዚያ ሀገር ጨረታ የዓለምን ዋጋ ሰበረ። ስሙ የእኛ ነው፤ ዋጋው የተሠራው ግን በሌላ ምድር ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 አንባቢዎቻችን የሚያውቁትን ታሪክ ይዟል። በዕለታዊው እደላ መበለቶቻቸው ችላ የተባሉባቸው ወገኖች ባጉረመረሙ ጊዜ ሐዋርያት ቅሬታውን እንደ ዐመፅ አልቈጠሩትም፤ ዝም እንዲሉም አላዘዟቸውም። እደላውን የሚመሩ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፤ ከእነርሱም አንዱ ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ለቅሬታ የተሰጠው ምላሽ አሠራር ነበር።

በቴፒ ቅሬታ ሰሚ ሲያጣ ምን እንደሚሆን በተግባር ታይቷል። በመጋቢት 1994 ዓ.ም. ከአስተዳደር ጥያቄ ጋር በተያያዘ በከተማዋና በአካባቢዋ የብዙ ወገኖቻችን ደም ፈስሷል። ሸካው፣ ሸኮው፣ መዠንገሩ፣ በቡና እርሻ ሥራና በሰፈራ ከየአቅጣጫው የመጣው ሁሉ አብሮ የሚኖርባት ከተማ ናትና፣ የሥራ ዕድል ሲጠብ ወጣቱ የሚያየው የጎረቤቱን ማንነት ይሆናል። ፋብሪካ ብቻውን ሰላም ያመጣል ማለታችን አይደለም፤ የወንበር ክፍፍል ብቻ ግን የሥራ አጡን ቍጥር አይቀንስም።

አሁን ደግሞ ጊዜ የማይሰጥ ጉዳይ ቀርቧል። የአውሮፓ ኅብረት ተግባራዊነቱን ደጋግሞ ያራዘመው ሕግ፣ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2020 በኋላ ደን ተጨፍጭፎ በተተከለ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ እያንዳንዱ ማሳ የሚገኝበት ስፍራም በመለኪያ ተመዝግቦ እንዲቀርብ ይጠይቃል። በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበውን የሸካን ደን በባህሉ ጠብቆ ላቆየ ሕዝብ ይህ መልካም ዜና መሆን ነበረበት። ነገር ግን ከግማሽ ሄክታር በማይበልጥ የደን ቡና የሚኖር ገበሬ ማሳውን በራሱ ገንዘብ ማስለካት አይችልም። መንግሥት ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ካልለካለት የሚለካለት ነጋዴው ይሆናል፤ መረጃውን የያዘው ነጋዴም ገበሬው ለማን መሸጥ እንዳለበትና በስንት እንደሚሸጥ ይወስናል። የክልሉ ቢሮዎች ከሚቀጥለው ለቀማ በፊት በየቀበሌው ሊጀምሩት የሚገባ ሥራ ይህ ነው፤ ወጪውም ከአንድ የስብሰባ አዳራሽ ግንባታ የሚበልጥ አይመስለንም።