ጎጆ ከመቀለስህ በፊት መሬቱን ጠይቅ



አንድ ጎረምሳ ሚስት ሲያገባ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው ነገር ምንድን ነው? ጎጆ የሚቀልስበት ቦታ ነው። አባት መሬቱን ለታላላቆቹ ሲያካፍል ቆይቶ ለመጨረሻው ልጅ የሚተርፈው ጥጋ ጥጉ ነው። ወይ የወንዝ ዳር ነው፤ ወይ የገደል አፋፍ ነው። ልጁም «ከምንም ይሻላል» ይልና ምሰሶውን ያቆማል።

እኔም በጎረምሳነቴ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ጎጆዬን የሠራሁት ጅረት አጠገብ ነበር። ባለቤቴ ውሃ ለመቅዳት አትደክምም፤ መንገዱም ቅርብ ነው። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ቆመው አዩና «ልጄ፣ ይህ የውሃ መኝታ ነው፤ ወደ ላይ ፈቀቅ በል» አሉኝ። እኔ ግን በልቤ «የድሮ ሰው ናቸው» ብዬ አለፍኳቸው። ሦስት ክረምት ምንም አልሆነም። በአራተኛው ክረምት ዝናቡ እኛ ዘንድ ሳይሆን ከላይ ከተራራው ላይ ዘነበ። እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሌሊት ደራሽ ውሃ መጣ። ልጃችንን ታቅፈን ወጣን። ጎተራው፣ ሁለቱ በጎችና የዓመት እህላችን ግን በዚያው ሄዱ። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ለካ እውነት ነው!

ይህን የማወራው እንዲታዘንልኝ አይደለም። እኔ የሠራሁትን ስሕተት ብዙ ሰው፣ እንዲያውም ትልልቅ ከተማም ጭምር፣ ስለሚሠራው ነው። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ሰው ቦታ የመረጠ ይመስለዋል እንጂ አስቀድሞ የሚመርጠው መሬቱ ነው። ውሃው፣ አፈሩ፣ ከፍታውና ተዳፋቱ ይመርጣሉ። እነዚህን ጠይቆ የሰፈረ ይኖራል። ሳይጠይቅ የሰፈረ ዕዳውን ይከፍላል።

እስቲ አገራችንን እንመልከት። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ1 መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ራስ ዳሸን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ 5 መቶ ሜትር ከፍ ይላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል አብዛኛው ሕዝብ የሰፈረው በደጋውና በወይና ደጋው ነው። ለምን? ምክንያት አለው።

ወደ ላይ 1 ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ ሙቀት ትወዳለች። ስለዚህ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ወባ እምብዛም አይገኝም። ዝናብም ከፍታን ይወዳል። እርጥብ አየር ተራራ ሲገጥመው ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘንባል። አያቶቻችን ወባ በትንኝ እንደሚመጣ አያውቁም ነበር። ነገር ግን ቆላ ወርዶ ያደረ እንደሚታመም ያውቃሉ። ስለዚህ ብዙዎች ቀን ቆላ ወርደው ያርሱና ሲመሽ ደጋ ወጥተው ያድሩ ነበር። ይህ ሞኝነት ነበርን? አልነበረም። መሬቱን ጠይቀው ያገኙት መልስ ነበር።

በሌላ አገርም እንዲሁ ነው። ግብፅ ሰፊ አገር ናት። ሕዝቧ ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚኖረው በዓባይ ወንዝ ግራና ቀኝና ወንዙ ባሕር በሚገባበት አካባቢ ነው። ሌላው አሸዋ ነው። ውሃ ባለበት ከተማ አለ፤ ውሃ በሌለበት የለም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። አፄ ምኒልክ አስቀድመው የከተሙት እንጦጦ ላይ ነበር። ከፍታው ጠላትን አሻግሮ ለማየት ይመቻል። ለኑሮ ግን አይመችም። ብርዱ ይበረታል፤ ነፋሱ አያስቀምጥም፤ ውሃና እንጨት ይቸግራል። ከታች ግን ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ፍል ውሃም ይፈልቃል። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም ሠራዊቱም እየተከተለ ወረደ። ተራራው ሰውን ገፋ፤ ምንጩ ሰውን ጠራ ማለት ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ሕዝቡ ሲበዛ ዛፉ ተመነጠረ። ማገዶ ከሩቅ መምጣት ጀመረ። ማገዶ የሌለው ከተማ ደግሞ ምን ይሆናል? ምኒልክ ከዚያ ተነሥተው ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ከመነቀል ያዳናት ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ተቆርጦም እንደገና ያቆጠቁጣል። እንግዲህ ሰው ብልሃት ካለው ከመሬት ጋር መደራደር ይችላል ማለት ነው። መደራደር ግን ሌላ፣ መናቅ ሌላ ነው።

የድሬዳዋ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ሲዘረጋ ያን ጊዜ ትልቁ የንግድ ከተማ ሐረር ነበረች። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት። ባቡር እንደ በቅሎ ዳገት አይወጣም። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ በቆላው ሄደ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከደረሰበት ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ እያደገችም የታላቅ እኅቷን ገበያ ወሰደች። ለባቡር የተመቸ ሜዳ ከተማ ወለደ።

ያ ሜዳ ግን ሌላም ባለቤት አለው። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ከተማዋን መሐል ለመሐል ይሰነጥቃል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይመላለስበታል፤ ገበያ ይዘረጋበታል። በዳርና ዳሩም ቤት ተሠራ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከላይ በሐረርጌ ተራሮች ላይ ኃይለኛ ዝናብ ዘነበ። ሌሊት ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ ደቻቱ ሞልቶ መጣ። ከ2 መቶ 50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። ወንዙ አዲስ መንገድ አላወጣም። በራሱ መንገድ ነው የሄደው። የተቀመጥነው እኛ ነን።

አንዳንድ ሰው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ሰው የትም ይኖራል፤ ዋናው ትእዛዝና እርዳታ ነው።» ይህንንም አይተነዋል። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ከድርቁ በኋላ ከ5 መቶ ሺህ በላይ ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥተው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ተወስደው ሰፈሩ። ብዙዎቹ ደገኞች ነበሩ። የወረዱት ወደ ቆላ ነው። መሬቱ ሰፊና ለም ነው ተባለ። እውነትም ሰፊ ነው። ግን ወባ ነበረበት። የቆላ ዝንብም ነበረበት። የቆላ ዝንብ ከብት ሲነድፍ ገንዲ የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። በመተከል በበለስ ሸለቆ በዚህ ምክንያት በበሬ ማረስ ስላልተቻለ በትራክተር ይታረስ ነበር። በሬ የለመደ ገበሬ ያለ በሬ ምን ይሁን? ብዙ ሰው በበሽታ ሞተ፤ ብዙ ሰውም በእግሩ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በእነዚያው ዓመታት በብዙ ክፍለ ሀገር ገበሬው ቤቱን አፍርሶ በመስመር በተሠራ መንደር እንዲሰበሰብ ተደርጎ ነበር። ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ለማቅረብ ይመቻል ተባለ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምር ይሆናል። ነገር ግን በብዙ ቦታ መንደሩ ከማሳው ራቀ። ከብቱ ባንድ ቦታ ሲበዛ ግጦሹ አለቀ፤ ምንጩም አልበቃ አለ። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ፖሊሲውን ሲለውጥ ብዙ ገበሬ ቤቱን ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ። ሰውን በትእዛዝ ማስፈር ይቻላል። ምንጭን ግን በትእዛዝ ማፍለቅ አይቻልም።

አሁን ልጆቻችን የሚጠይቁትን ጥያቄ እሰማለሁ። «አባባ፣ መሬት ጠቧል። ጥሩውን ቦታ ቀድማችሁ ይዛችኋል። እኛ ታዲያ የት እንሂድ?» ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። በተረት አይመለስም። ነገር ግን መጥፎ ቦታ መሬትን አያሰፋም። በገደል አፋፍ የተሠራ ቤት ለልጁ የተሰጠ ርስት ሳይሆን የተሰጠ አደጋ ነው።

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ሁሉም ሰምቷል። ብዙ ዝናብ የጠጣ ተዳፋት ተንዶ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤት እንደ ወጉ ሊያወጣቸው ሮጠ። በሚቆፍሩበት ሰዓት ናዳው እንደገና መጣና የሚረዱትንም ቀበራቸው። ከ2 መቶ በላይ ሰዎች አለቁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ናዳ ብዙ ይወራል። ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን እፈራለሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ኮንሶዎችን እንመልከት። አገራቸው ድንጋያማና ደረቅ ተዳፋት ነው። እነርሱ ግን መንደራቸውን ኮረብታ ላይ አድርገው፣ በድንጋይ ካብ አጥረው፣ ቤቶቻቸውን አጠጋግተው ሠሩ። ተዳፋቱን ደግሞ በድንጋይ እርከን ከላይ እስከ ታች ደረደሩት። አፈሩ አይሄድም፤ ውሃው ይሰርጋል። ይህን ከ4 መቶ ዓመት በላይ ሲሠሩ ኖረዋል። በ2003 ዓ.ም. ሥራቸው በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። መሬት ጠበበን ብለው ወንዝ ውስጥ አልገቡም። ጭንጫውን ለቤት፣ አፈሩን ለማሳ አደረጉት።

እኔም የምለው ይህን ነው። በየቀበሌው ለወጣቶች የቤት ቦታ ሲሰጥ የተረፈው ሁሉ አይሰጥ። አስቀድሞ ሽማግሌዎችና ወጣቶች አብረው ቦታው ላይ ይሂዱ። ቢቻል በክረምት ይሂዱ። መሬት በበጋ ይዋሻል፤ በክረምት እውነቱን ይናገራል። ከዚያም እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦

ውሃው በጣም በሞላበት ዓመት እስከ የት ደርሶ ነበር? ይህን ሽማግሌ ያውቃል።

ከላይ ያለው ተዳፋት ተሰነጣጥቋል ወይ? ዛፎቹ ወደ ታች ዘንበል ብለዋል ወይ? አዲስ ምንጭ በድንገት ፈልቋል ወይ? እነዚህ የናዳ ምልክቶች ናቸው።

የሚጠጣ ውሃ በበጋም ይገኛል ወይ? የእናቶችና የልጃገረዶች ጀርባ ስንት ሰዓት ይሸከማል?

አፈሩ ዋልካ ነው ወይ? ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳንም ይሰነጥቃል። ለማሳ እንጂ ለቤት አይሆንም።

ወደ ገበያ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው መንገድ በክረምት ይታለፋል ወይ?

ለእነዚህ መልስ የተገኘለት ቦታ ለቤት ይሁን። የወንዝ ዳሩ ለሣርና ለዛፍ ይሁን። ገደላ ገደሉ ደን ይልበስ። ለጥ ያለው ለም መሬት ለማረሻ ይቅር። ቦታ ከጠበበም ቤቶች ይጠጋጉ። ተጠጋግቶ መኖር አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ልጅን ውሃ መኝታ ላይ አስተኝቶ በሰላም ማደር ነው።

እነዚያ ሽማግሌ ዛሬ በሕይወት የሉም። ጎጆዬ አሁን እርሳቸው ባሳዩኝ ከፍታ ላይ ነው። ጅረቱ ዳር ሣር በቅሎበት ከብቶቼ ይግጡበታል። በየክረምቱ ውሃው ሲሞላ ከደጄ ቆሜ አየዋለሁ። ይመጣል፤ በመኝታው ይተኛል፤ ይሄዳል። እኛ ጋ አይደርስም።

ይህን ያነበበ ላላነበበ ያንብብለት። በተለይ በዚህ ዓመት ጎጆ ለሚቀልስ ልጅ ያንብብለት።