የድምፅ ማስተካከያው ምልክት ሲሳሳት

ምልክት የሚደረገው ሰው ነገሩን ራሱን ሳይመረምር በአንድ እይታ ለይቶ እንዲያውቀው ነው። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ገና ሳይነበብ ከማን ዘንድ እንደ መጣ ይታወቃል። ስለዚህ ምልክት ትክክል ሲሆን ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ሲሳሳት ግን ጕዳቱ ምልክት ካለመኖሩ ይብሳል። ምልክት የሌለውን ነገር ሰው ጠይቆ ይረዳዋልና፤ የተሳሳተ ምልክት ያለበትን ግን ሳይጠይቅ ያምነዋል።

ይህንን የጎንደር ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሲመለከተው ያደገው ነገር ነው። በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ደራጎኑን የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ በጥቁር ፈረስ ተቀምጦ ዑልያኖስን የሚወጋው ቅዱስ መርቆሬዎስ ነው። ጻድቃን በሁለት ዐይናቸው ፊት ለፊት ሲመለከቱ ይሣላሉ፤ ዐመፀኞች ግን ፊታቸው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዐይናቸው ብቻ ይታያል። የቀድሞ ሠዓልያን ይህን ሁሉ ምልክት ካደረጉ በኋላ እንኳ በዚያ ብቻ አልረኩም፤ ከሥዕሉ አጠገብ የባለ ሥዕሉን ስም ይጽፉ ነበር። ይኸውም የፈረሱ ቀለም በእርጅና ወይም በጢስ ቢለወጥ፣ ተመልካቹ ስሙን አንብቦ እንዳይሳሳት ነው። ሥዕልና ስም እርስ በርሳቸው ይመሰካከራሉ፤ ሁለቱ ያልተስማሙ እንደ ሆነ ግን ምርመራ ያስፈልጋል።

ዛሬ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የገባው ኮምፒዩተርም በምልክት የሚሠራ መሣሪያ ነው። በገበታው ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ትንሽ ሥዕል አለው፤ ይህም አይከን ይባላል። ከነዚህም ሥዕሎች መካከል በድምፅ ማስተካከያ ክፍል የሚታዩት የተለየ አገልግሎት አላቸው። ኮምፒዩተሩ በአንድ ጊዜ ከብዙ ፕሮግራሞች ድምፅ ሊያሰማ ስለሚችል፣ ማስተካከያው ለያንዳንዱ ድምፅ አንድ መሥመር ሰጥቶ በመሥመሩ ራስ ላይ የፕሮግራሙን ሥዕልና ስም ያኖራል፤ ባለቤቱም አንዱን ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ ያደርጋል። ዊንዶውስ የሚባለው ሥርዐት ይህን በየፕሮግራሙ የመለየት ችሎታ ያገኘው፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007 ዓመት ለሕዝብ በቀረበው ቪስታ በተባለው እትሙ ነው። በሊኑክስ ዘንድ ደግሞ ይህን ሥራ ለብዙ ዘመን የያዘው ፐልስ ኦዲዮ የሚባለው የድምፅ አዛዥ ነበር፤ ከ2021 ዓመት ጀምሮ ፌዶራ፣ ከ2022 ዓመት ጀምሮም ኡቡንቱ ስፍራውን ፓይፕዋየር ለሚባለው ሰጥተዋል።

ጕዳቱ እንዴት እንደሚመጣ በምሳሌ እንመልከት። በጥምቀት ዋዜማ በጎንደር ከተማ አንድ ቤተ ሰብ ተሰብስቧል እንበል። በኮምፒዩተሩ አንድ ፕሮግራም መዝሙር ያሰማል፤ በሌላው ፕሮግራም ደግሞ በውጭ አገር የምትኖረው ልጃቸው ከእናቷ ጋር ትነጋገራለች። አባት መዝሙሩ ንግግሩን እንዳይሸፍነው ዝቅ ሊያደርጉት የድምፁን ማስተካከያ ከፈቱ፤ ነገር ግን የሁለቱም መሥመሮች ሥዕል አንድ ዐይነት፣ ስማቸውም «ክሮሚየም» የሚል ሆኖ አገኙት። አንዱን ገምተው ዝም ቢያሰኙት ዝም ያለው የልጅቱ ድምፅ ሆነ። እናትም ልጄ ታመመች ወይ፣ መሥመሩስ ተቈረጠ ወይ እያለች ትጨነቃለች፤ ልጅቱም በዚያ ማዶ ሳትሰማ ትናገራለች። ይህ ሁሉ ጭንቀት የመጣው ከአንዲት ትንሽ ሥዕል ነው።

ሁለቱ ፕሮግራሞች በአንድ ስም የተጠሩበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። በዛሬ ጊዜ ብዙ ፕሮግራሞች ኤሌክትሮን በሚባል መሠረት ላይ ይሠራሉ፤ የኤሌክትሮን ውስጠኛ ክፍል ደግሞ ክሮሚየም የተባለው የድረ ገጽ መመልከቻ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ለድምፁ አዛዥ ራሱን ሲያስታውቅ፣ የራሱን ስም ትቶ የመሠረቱን ስም የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገሩ ጕዳይ ፈጻሚ በችሎት ቀርቦ ስሙን ሲጠየቅ የጌታውን ስም እንደ መናገር ያለ ነው፤ ጸሐፊውም የሰማውን ይጽፋል እንጂ ከራሱ አይፈጥርም።

እንግዲህ ምልክቱን ለማቅናት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ስሕተቱ ከወዴት እንደ ተነሣ ይመርምር። ምንጮቹ አራት ናቸው። አንደኛው የፕሮግራሙ የራሱ ቃል ነው፤ ይኸውም ድምፅ ሲከፍት ስሜ ይህ ነው፣ የምልክቴም ስም ይህ ነው ብሎ የሚያስታውቀው ነው። ሁለተኛው የገበታው መዝገብ ነው፤ በሊኑክስ ለያንዳንዱ ፕሮግራም «ዴስክቶፕ» በሚል ቃል የሚያበቃ አንድ አጭር የጽሑፍ ፋይል አለ፤ በዚያም ውስጥ ስሙ፣ የሚነሣበት ትእዛዝና የምልክቱ ስም በየመሥመሩ ተጽፈዋል። ሦስተኛው የሥዕሎቹ ግምጃ ቤት ነው፤ ስሙ በትክክል ተጠርቶ ሳለ በዚያ ስም የተቀመጠ ሥዕል ከሌለ፣ ገበታው ሌላ ሥዕል ወይም የማንም ያልሆነ ሥዕል ያወጣል። አራተኛው የማስታወሻው እርጅና ነው፤ ኮምፒዩተሩ ለፍጥነት ብሎ የድሮውን ሥዕል ይዞ ስለሚቈይ፣ አዲሱ ቢገባም አሮጌውን ያሳያል።

ከነዚህ የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ የሚደረገው ይህ ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረውን ፕሮግራም ድምፅ አቁሙና ከማስተካከያው የትኛው መሥመር እንደሚጠፋ ተመልከቱ፤ እንደ ገና አስነሡትና የትኛው እንደሚመለስ ተመልከቱ። አንዳንድ ፕሮግራም ድምፁ ቢቆምም መሥመሩን ይዞ ይቈያልና፣ እንዲህ ሲሆን ፈጽሞ ዝጉት። ፓቩኮንትሮል የሚባለው የድምፅ መቈጣጠሪያ ደግሞ በያንዳንዱ መሥመር ሥር ድምፁ ሲናገር የሚንቀሳቀስ መለኪያ ያሳያል፤ የሚንቀሳቀሰው ማን እንደ ሆነ በዐይን ይታያል። ከዚህም በላይ ለመረዳት የፈለገ «ፓክትል» በሚባለው ትእዛዝ የድምፆቹን ዝርዝር ቢያስወጣ፣ ፕሮግራሙ የተናገረውን ስምና የምልክት ስም፣ ደግሞም ድምፁን የከፈተውን ፋይልና የሥራ ቍጥሩን ጭምር ተጽፎ ያገኛል።

ስሕተቱ በመዝገቡ ላይ የተገኘ እንደ ሆነ መድኀኒቱ ቀላል ነው። የሁሉም መዝገብ የሚገኘው «ዩኤስአር» በሚባለው ማኅደር ውስጥ፣ «ሼር» ከሚባለው ሥር፣ «አፕሊኬሽንስ» በተባለው ስፍራ ነው። ይህን ግን በቀጥታ መፋቅ አይገባም፤ ፕሮግራሙ በታደሰ ጊዜ እርማቱ ይጠፋልና፤ ደግሞም የሌላውን ተጠቃሚ ገበታ ይነካል። የሚገባው ፋይሉን ገልብጦ በራስ ቤት ማኅደር፣ በነጥብ በሚጀምረው «ሎካል» በተባለው ስውር ማኅደር ውስጥ፣ ከ«ሼር» ሥር «አፕሊኬሽንስ» በሚባለው ስፍራ በዚያው ስም ማኖር ነው። ገበታው ሁለቱን ባገኘ ጊዜ የቤቱን ያስቀድማል። ከዚያ በኋላ «አይከን» የሚለውን መሥመር ፈልጎ ትክክለኛውን የሥዕል ስም መጻፍ፣ ከገበታውም ወጥቶ እንደ ገና መግባት ነው። በፍላትፓክ ወይም በስናፕ የተጫነ ፕሮግራም ከሆነ ዋናው መዝገብ በሌላ ስፍራ ይገኛል፤ የእርማቱ ሥርዐት ግን ያው ነው።

ስሕተቱ ሥዕሉ ከግምጃ ቤቱ በመጕደሉ የመጣ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ከዚሁ ከቤቱ «ሼር» ሥር «አይከንስ» በሚባለው ማኅደር ውስጥ፣ «ሂከለር» ለተባለው የጋራ ግምጃ ቤት ሥዕሉን በሚፈለገው ስም ማስቀመጥ ይበቃል። ሂከለር ማንኛውም የሥዕል ስብስብ የሚፈለገውን ባጣ ጊዜ በመጨረሻ የሚሄድበት ስፍራ ነው። የሥዕሉም መጠን 48 በ48 ነጥብ የሆነው አንድ ቢኖር ይመረጣል።

ስሕተቱ ከፕሮግራሙ ከራሱ አፍ የወጣ እንደ ሆነ ግን መዝገብ ማቅናት ብቻውን ላይጠቅም ይችላል። በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙ በሚነሣበት ትእዛዝ ፊት «ፐልስ ፕሮፕ» የሚባለውን መግለጫ አስቀድሞ፣ የምልክትህ ስም ይህ ነው ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ ይህንም በመዝገቡ «ኤክሴክ» በሚለው መሥመር ላይ መጻፍ ነው። ሆኖም ፕሮግራሙ በኋላ ራሱ ሌላ ስም ከተናገረ የርሱ ቃል ሊያሸንፍ ይችላል። እንዲህ ሲሆን መፍትሔው የሚገኘው ከሠሪዎቹ ዘንድ ነው። የፕሮግራሙን ስምና የእትሙን ቍጥር፣ የገበታውን ዐይነት፣ የታየውንና ሊታይ የሚገባውን ሥዕል ለይቶ መጻፍ መልካም አቤቱታ ነው። ቍጣ የተሞላበት፣ ነገር ግን ማስረጃ የሌለው አቤቱታ በዚያም ዘንድ እንደ ችሎቱ ሁሉ ዋጋ የለውም።

በዊንዶውስ ዘንድ ነገሩ ያጥራል። በዚያ ሥዕሉ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ከፕሮግራሙ ፋይል ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ከታደሰ በኋላ አሮጌ ወይም ባዶ ሥዕል ቢታይ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማስታወሻው ነው። በመጀመሪያ ፕሮግራሙን ዘግቶ መክፈት፣ ቀጥሎ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሣት፣ ይህም ካልረዳ የአይከን ማስታወሻ ፋይሎቹን አጥፍቶ ኮምፒዩተሩ አዲስ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ፋይሎቹ ሲጠፉ ሥዕሎቹ ከየፕሮግራሞቹ እንደ ገና ስለሚወሰዱ የሚቀር ነገር የለም።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ሚሰማ ድምፅ ነው። ከዚህ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን ስለ ሚቀዳ ድምፅ ነው። የድምፅ መቈጣጠሪያው ማን እንደሚናገር ብቻ ሳይሆን፣ በማይክሮፎኑ በኩል ማን እንደሚያዳምጥም ያሳያል። በዚህ በኩል ያለው ምልክት ቢሳሳት የቤት ምክር ወይም የመሥሪያ ቤት ጕዳይ ለማን እንደሚደርስ አይታወቅም። ከላይ እንደ ተናገርነው ስሙንና ምልክቱን የሚናገረው ፕሮግራሙ ራሱ ነው፤ የድምፁም አዛዥ ቃሉን ተቀብሎ ያሳያል እንጂ ማኅተሙን አይመረምርም። ስለዚህ የታወቀ ሥዕል አየሁ ብሎ መተማመን አይገባም፤ ከሥዕሉ ይልቅ ድምፁን የከፈተውን ፋይልና የሥራ ቍጥሩን መመልከት ይሻላል። ምስክር በቪዲዮ በሚሰማበት ጉባኤ የኮምፒዩተሩ ኀላፊ የሆነ ሰውም፣ ጉባኤው ከመጀመሩ በፊት መሥመሮቹን አንድ በአንድ ፈትኖ ይለይ፤ ምስክሩ ቃሉን ሲሰጥ ድምፁን በስሕተት የዘጋበት እንደ ሆነ የጐደለው ቃል የሰው መብት ነውና።

በቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለ። ከላይ በተናገርነው መዝገብ ውስጥ የፕሮግራሙን ስም በየቋንቋው ለይቶ መጻፍ ይፈቀዳል። «ኔም» ከሚለው ቃል አጠገብ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የአማርኛን መለያ ሁለት ፊደላት አድርጎ ስሙን በፊደላችን የጻፈ ሰው፣ ገበታው በአማርኛ ሲሆን በፕሮግራሞቹ ዝርዝር ላይ «መዝሙር» ወይም «ከልጆች ጋር መነጋገሪያ» የሚል ስም ያገኛል። በደባርቅና በዳባት ደጋ፣ በወገራም ሆነ በደምቢያ ልጁን ከሩቅ የሚያነጋግር ሽማግሌ ይህን አንብቦ ያለ ረዳት ሊከፍተው ይችላል። በድምፁ ማስተካከያ የሚታየው ስም ግን ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ የተናገረው ስለ ሆነ፣ በዚያም ይለወጣል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባም።

እንግዲህ የቤት እመቤትም ሆነች የመሥሪያ ቤት ሹም ይህን ሥርዐት ይያዙ፤ ሥዕሉን ካዩ በኋላ ስሙን ያንብቡ፤ ሥዕልና ስም ካልተስማሙ ወይም ሁለት መሥመሮች ከተመሳሰሉ ከመዝጋት በፊት ይፈትኑ፤ ያላወቁትንም መሥመር ዝም ከማሰኘት ይልቅ በጥቂቱ ዝቅ አድርገው ማን እንደ ቀነሰ ያድምጡ። ልጆች ይህን ከወላጆቻቸው ይልቅ ፈጥነው ያውቁታልና፣ ወደ ሩቅ ከመሄዳቸው በፊት የቤቱን ኮምፒዩተር ምልክቶች አቅንተው፣ ለአባትና ለእናታቸውም አሳይተው ቢሄዱ፣ በኋላ የሚልኩት ድምፅ ያለ እንቅፋት ይደርሳል።