ከድረ ገጽ በቀጥታ የሚገባ መረጃ እና የማስረጃነት ዋጋው

በኢኮኖሚክስ፣ በሥራ አመራር፣ በሕዝብ ጤናና በግብርና ዘርፎች በሚካሄዱ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ውስጥ ከሁለተኛ ደረጃ ምንጮች የሚገኝ መረጃ ከፍተኛ ድርሻ አለው። የምንዛሪ ተመን፣ የዋጋ ግሽበት፣ የዝናብ መጠንና የበሽታ ሥርጭት አኃዞች በየተቋማቱ ድረ ገጾች ላይ በሠንጠረዥ ይወጣሉ። ተመራማሪው ቀድሞ አንድ በአንድ በእጁ ይገለብጣቸው የነበሩትን እነዚህን አኃዞች ዛሬ እንደ ጉግል ሺትስ ባለ የበይነ መረብ ተመን ሉህ ላይ በአንድ መስመር ቀመር ሊያስገባቸው ይችላል። ምቾቱ የማይካድ ነው። ሆኖም በዚህ መንገድ የገባ ሠንጠረዥ፣ የገባበት ቀን ተመዝግቦ ቅጂው ተለይቶ ካልተቀመጠ በስተቀር፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይገባም። የትምህርት ክፍሎችም ይህን በመመሪያ ሊያስከብሩት ይገባል።

ምክንያቱ የሚገኘው በቀመሮቹ አሠራር ውስጥ ነው። ኢምፖርት ኤችቲኤምኤል የተባለው ቀመር ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ የገጹን አድራሻ፣ የሚፈለገው ሠንጠረዥ ወይም ዝርዝር መሆኑን፣ እንዲሁም በገጹ ላይ ስንተኛ እንደሆነ የሚያመለክት ቁጥር። ኢምፖርት ኤክስኤምኤል የሚፈለገውን ክፍል በገጹ ውስጣዊ መዋቅር ተከትሎ ያወጣል፤ ኢምፖርት ዳታ ደግሞ በኮማ ወይም በታብ የተከፋፈሉ ፋይሎችን ያነባል። ሦስቱም የሚያመጡት ገጹ በወቅቱ የያዘውን ነው። ሰነዱ ክፍት እስከሆነ ድረስም በየሰዓቱ ለውጥ መኖር አለመኖሩን እየፈተሹ የቀድሞውን አኃዝ በአዲሱ ይተካሉ። ስለዚህ ተማሪው በጥር የተነተነው አኃዝ በሰኔ በሉሁ ላይ ላይገኝ ይችላል።

ገጹ ሲዘጋ በሕዋሱ ላይ የስህተት መልእክት ይታያል፤ ይህ ቢያንስ ተመራማሪውን ያነቃዋል። የከፋው ስህተት ድምፅ የሌለው ነው። የገጹ ባለቤት ከላይ አንድ አዲስ ሠንጠረዥ ቢጨምር፣ ሦስተኛ የነበረው ሠንጠረዥ አራተኛ ይሆናል። ቀመሩ ግን ሦስተኛውን እንዲያመጣ ስለታዘዘ፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሌላ ሠንጠረዥ ያስገባል።

የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ይህን ግልጽ ያደርገዋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአንድ የአሜሪካ ዶላር መግዣ ዋጋ በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ከፍ ብሏል። አንድ ጥናት የ2015 ዓ.ም. የገቢ ዕቃዎችን ዋጋ ከዶላር ወደ ብር ለመለወጥ የስሌቱን ሕዋስ ከዕለታዊ የተመን ገጽ ጋር አገናኝቶ ነበር እንበል። ሉሁ ከሐምሌ 22 በኋላ ሲከፈት የ2015 ዓ.ም. ዋጋዎች በሙሉ 30 በመቶ ያህል አድገው ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. በገበያው የተከፈለው ዋጋ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የጥናቱ ሠንጠረዥ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ተመን ሉሁ የገባለትን ጽሑፍ በራሱ ግምት መተርጎሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ጂኖም ባዮሎጂ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከመረመራቸውና የጂን ዝርዝርን በኤክሴል ፋይል ካያያዙ ጽሑፎች መካከል አንድ አምስተኛ ያህሉ የተበላሹ የጂን ስሞች እንደነበሩባቸው አሳይቷል። ሴፕት2 የተባለውን ጂን ኤክሴል ሴፕቴምበር 2 ብሎ ያነበው ነበር፤ በኋላም ስያሜው ራሱ ወደ ሴፕቲን2 ተቀይሯል። በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር የተመዘገበ መረጃ ለሚጠቀም ተመራማሪ ችግሩ ይበረታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በቁጥር 22/11/2016 ተብሎ ሲጻፍ፣ ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ የተስተካከለ ሉህ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 2016 አድርጎ ይወስደዋል፤ ከትክክለኛው ቀን ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ወደ ኋላ ይርቃል። ጥቅምት 30 ቀን፣ ማለትም 30/2/2016፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ስለማይኖር ቀን መሆኑ ይቀርና ተራ ጽሑፍ ይሆናል። ጳጉሜን 3 ቀን ደግሞ፣ ማለትም 3/13/2016፣ በአሜሪካ የቀን አጻጻፍ በተስተካከለ ሉህ ላይ ማርች 13 ሆኖ ያርፋል። በዚህ ዓምድ ላይ የሚሠራ የጊዜ ተከታታይ ትንተና ውጤት ይሰጣል፤ ውጤቱ ግን ትርጉም የለውም።

የተቀመጠ ፋይል ምን እንደሚጠቅም በታወቀ አጋጣሚ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ቶማስ ሄርንደን፣ ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ በ2010 ስለ መንግሥት ዕዳና ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት ያወጡትን ጥናት ለመድገም ሞከረ። ደራሲዎቹ የላኩለትን የኤክሴል ፋይል ሲመረምርም አማካዩ አምስት አገሮችን ሳያካትት መሰላቱን ደረሰበት። ይህ ስህተት ሊገኝ የቻለው አኃዞቹም ስሌቱም በፋይሉ ውስጥ እንዳሉ ስለቆዩ ነው። አኃዞቹ በየጊዜው ከሚታደስ ገጽ የሚመጡ ቢሆኑ ኖሮ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የተከፈተው ሉህ የ2010ሩን ስሌት ባላሳየ ነበር። ጥናቱን የሚነቅፍም ሆነ የሚደግፍ ሰው የሚይዘው ነገር አይኖረውም ነበር።

ይህ ሲባል በእጅ መገልበጥ ይሻላል ማለት አይደለም። እጅ ይሳሳታል፤ በእጅ የተገለበጠ ቁጥርም ከየት እንደመጣ አይናገርም። ቀመሩ ቢያንስ የምንጩን አድራሻ ይዟል። ለቅድመ ዳሰሳና ወቅታዊ ሁኔታን ለመከታተልም ተመራጭ መሣሪያ ነው። መከታተልና መመዝገብ አብረው መሄድ እንደሚችሉ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የኮቪድ መረጃ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የተጀመረው ሥራ ወቅታዊ አኃዞችን በገበታ እያሳየ፣ የየዕለቱን መረጃ ቀኑ በተጻፈበት የተለየ ፋይል በጊትሃብ ያስቀምጥ ነበር። ማሰባሰቡ በማርች 10 ቀን 2023 ከቆመ በኋላም የየዕለቱ ፋይሎች ለተመራማሪዎች ቀርተዋል።

ከድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚጠበቀው ከዚህ ያነሰ ነው። ሠንጠረዡ እንደገባ እሴቱን ብቻ ወደ ሌላ ሉህ መለጠፍ፤ አድራሻውን፣ ቀመሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ከጎኑ መጻፍ፤ የረድፎቹን ብዛትና ድምሩን ከገጹ ጋር ማመሳከር፤ የገጹን ቅጂ አብሮ ማኖር፤ የኢትዮጵያ ቀኖችን ቀን፣ ወርና ዓመት ተብለው በተለያዩ ሦስት ዓምዶች መመዝገብ ይበቃዋል። ትንተናው ሁሉ ከዚህ ቅጂ ይነሣል።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ ለተማሪው ጥንቃቄ ብቻ ሊተው አይገባም። የትምህርት ክፍሉ ፋይሉን ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር ካልተረከበ፣ ፈታኙም ቢያንስ አንዱን ሠንጠረዥ ከፋይሉ ተነሥቶ ደግሞ ካላሰላ፣ ልማዱ አይጸናም። አማካሪዎችና ፈታኞች ባለባቸው የሥራ ጫና ላይ ሌላ ሸክም ይጨምራል የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ነገር ግን አንድን ሠንጠረዥ መፈተሽ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው። ምንጩ የተለወጠበትን ጥናት ከዓመታት በኋላ መልሶ ማቋቋም ግን ብዙ ጊዜ ፈጽሞ አይቻልም። ፈታኙ በመከላከያው ዕለት ስለ አንድ ቁጥር ሲጠይቅ፣ ተማሪው ቀን የተጻፈበትን ፋይል ከፍቶ ያንኑ ቁጥር ሊያሳየው መቻል አለበት።