ቀረጻው ቢጠፋም

በአንድ እሑድ ጠዋት በጸሎት ቤታችን ኢንተርኔት ተቋረጠ። አምልኮው ተጀምሯል፤ መዘምራኑ ቆመዋል፤ ጉባኤው እጁን አንሥቶ ይዘምራል። እኛ ግን ከኋላ በካሜራው ዙሪያ ተሰብስበን ገመድ እንነቅላለን፣ እንሰካለን፣ ስልክ እንደውላለን። ስብከቱ ተጋምሶም መስመሩ አልተመለሰም። ኋላም ካሜራው ራሱ ሳይቀርጽ እንደ ቀረ ስናውቅ፣ ከመካከላችን አንዱ ራሱን ይዞ፣ "የዛሬው ፕሮግራም ጠፋ!" አለ። ሁላችንም አዘንን።

በዚያው ሰዓት ከፊታችን አንዲት እናት ተንበርክከው ያለቅሱ ነበር። ለብዙ ዓመት ይቅር ሊሉት ያቃታቸውን ሰው ይቅር ያሉት በዚያ ቀን እንደ ሆነ በሳምንቱ ሰማን። እንግዲህ የጠፋው ምንድር ነው?

ይህ ጥያቄ አልለቅ ብሎን ሰነበተ። በእርግጥ ስለ ጠፉ ፕሮግራሞችም እንድናነብ ገፋፋን። ያገኘነው ታሪክ ለአገልጋይም፣ ለምእመንም፣ ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ላለ ሰውም የሚጠቅም ስለ መሰለን ልናካፍላችሁ ወደድን።

ባሕር ውስጥ የተጣለ ሥራ

ቴሌቪዥን ወደ አሜሪካውያን ቤት መግባት በጀመረበት ዘመን ዱሞንት የሚባል ኔትወርክ ነበር። ከ1946 እስከ 1956 ሠርቶ ተዘጋ (የውጭ አገሩን ታሪክ የምንጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ቴሌቪዥን በአገራችን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ያ ሁሉ ሲሆን እኛ ገና ሳጥኑንም አላየነውም ነበር።

ዱሞንት በ1946 "ፋራዌይ ሂል" የሚባል ተከታታይ ድራማ አሳየ። ዛሬ በየቤታችን የምናያቸው ተከታታይ ድራማዎች በአሜሪካ የቴሌቪዥን ኔትወርክ የጀመሩት በእርሱ ነው ይባላል። ከእርሱ አንድም ክፍል አልቀረም። "ካፒቴን ቪዲዮ" የተባለው የልጆች ፕሮግራም ደግሞ ከ1949 እስከ 1955 ድረስ ከ1500 በላይ ክፍሎች ተላልፈውለታል። የተረፉት እጅግ ጥቂት ናቸው።

ለምን ጠፉ? በዚያ ዘመን አብዛኛው ፕሮግራም በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው። ተዋናዩ ስቱዲዮ ውስጥ ሲናገር ተመልካቹ በዚያው ቅጽበት ቤቱ ሆኖ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ የለም። ማስቀመጥ ካስፈለገ የፊልም ካሜራ በስክሪን ፊት አቁሞ ምስሉን መቅረጽ ነበር። ይህንም የሚያደርጉት በአመዛኙ ከኔትወርኩ መስመር ጋር ላልተገናኙ ጣቢያዎች ፊልሙን ለመላክ እንጂ ለትውልድ ለማቆየት ብለው አልነበረም። በ1956 አምፔክስ የተባለው ኩባንያ የቪዲዮ ቴፕ መቅረጫ አቀረበ፤ ግን ቴፑ ውድ ስለ ነበር ጣቢያዎች የቀረጹትን እየደመሰሱ በላዩ ሌላ ይቀርጹበት ነበር። የእንግሊዙ ቢቢሲም እስከ 1970ዎቹ ድረስ እንዲሁ ያደርግ ነበር።

ከዱሞንት የተረፈው ፊልም መጨረሻ ደግሞ የባሰ ነው። ኤዲ አዳምስ የተባለች ተዋናይት በ1996 በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ባዘጋጀው የምስክርነት መድረክ ላይ ቀርባ የሰማችውን ተናገረች። በ1970ዎቹ ፊልሞቹን የያዘው ድርጅት ሲሸጥ፣ ለማስቀመጫው ማን ይክፈል በሚል ጠበቆች ተከራከሩ። ከጠበቆቹ አንዱ "እኔ እጨርሰዋለሁ" ብሎ ተነሣ። ሌሊት ሦስት የጭነት መኪኖች መጥተው ፊልሞቹን ጫኑ፤ ከዚያም በጀልባ ተወስደው ኒው ዮርክ ወደብ ባሕር ውስጥ ተጣሉ። የስንቱ ሰው ድካም፣ የስንቱ ቤት የምሽት ደስታ፣ በአንድ ሌሊት!

የሄዘል ስኮት ፒያኖ

ከጠፉት ሁሉ ልባችንን የነካው ግን አንድ አጭር ፕሮግራም ነው። ሄዘል ስኮት በትሪኒዳድ የተወለደች፣ በኒው ዮርክ ያደገች ድንቅ ፒያኖ ተጫዋች ነበረች። ባለቤቷ አዳም ክሌይተን ፓወል የአሜሪካ ምክር ቤት አባልና በሃርለም የሚገኘው የአቢሲንያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነበር። ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1808፣ በቀለማቸው ምክንያት ተለይተው እንዲቀመጡ የተደረጉ አማኞች ወጥተው የመሠረቷት፣ ስሟንም ከአገራችን የቀድሞ መጠሪያ የወሰደች ናት። አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1954 ጎብኝተዋታል።

ሄዘል ነጭና ጥቁር ተለያይቶ በሚቀመጥበት አዳራሽ አልጫወትም የምትል ሴት ነበረች። በጁላይ 1950 የዱሞንት ኔትወርክ በስሟ የአሥራ አምስት ደቂቃ የሙዚቃ ፕሮግራም ሰጣት። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ኔትወርክ የራሷን ፕሮግራም የመራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እርሷ ናት። በዚያው ዓመት ግን ስሟ ከኮሚኒስቶች ጋር ይተባበራሉ በተባሉ ሰዎች መዝገብ ላይ ወጣ። እርሷም ራሷ ፈቅዳ በሴፕቴምበር 22 በምክር ቤቱ መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ክሱን ተቃወመች። ከሳምንት በኋላ ፕሮግራሟ ተዘጋ። ዛሬ ከእርሱ የቀረ አንድም ቅጂ አይታወቅም።

ፕሮግራሙ መንፈሳዊ ነበር አንልም። ሆኖም አንድ ነገር ያስተምረናል። መረሳት ሁልጊዜ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። አንዳንዱ ቴፕ ስለ ጠበበ ይረሳል፤ አንዳንዱ ግን ሰው ስለ ገፋው ይረሳል። በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው። ለሃያ ዓመት ወንበር ያነጠፈች እኅት፣ በእስር ቤት ለሚገኙ ስንቅ ያመላለሰ ወንድም፣ የእውነት ቃል ተናግሮ ከመድረክ የወረደ አገልጋይ በየትኛው ቪዲዮ ላይ ይገኛሉ? እግዚአብሔር ግን የሕዝቡን እንባ የሚቆጥር (መዝ. 56፥8)፣ ለሚፈሩትም የመታሰቢያ መጽሐፍ ያለው አምላክ ነው (ሚል. 3፥16)። ያንን መጽሐፍ በሌሊት መኪና አቁሞ የሚጭነው የለም።

ያልተጻፈው የጌታ ሥራ

እስቲ ደግሞ ወደ ቃሉ እንመለስ። ጌታችን ወደ አደባባይ ሲወጣ ዕድሜው ሠላሳ ያህል ነበር (ሉቃ. 3፥23)። ከዚያ ሁሉ የናዝሬት ዘመን የተጻፈልን ስንት ቁጥር ነው? እጅግ ጥቂት! አብ ግን በልጁ ደስ መሰኘቱን ከሰማይ የተናገረው ገና አንድ ተአምር ሳይመዘገብ፣ በጥምቀቱ ቀን ነው። ማንም ያልጻፈው የአናጢነት ዘመን በአባቱ ፊት ሙሉ ነበረ ማለት ነው። ዮሐንስም ጌታ ካደረገው ሁሉ የጻፈው ጥቂቱን ብቻ መሆኑን ነግሮን ወንጌሉን ይዘጋል (ዮሐ. 21፥25)። የተነካ ለምጻም፣ የተጽናናች መበለት፣ በመንገድ ዳር የተነገረ ቃል፣ ስንቱ ሳይጻፍ ቀረ!

ሐዋርያው ጳውሎስም አሁን በእጃችን ካለው የመጀመሪያ መልእክቱ በፊት ለቆሮንቶስ ሰዎች ሌላ ደብዳቤ ጽፎ ነበር (1ቆሮ. 5፥9)። ያ ደብዳቤ የለንም። ለመዳናችንና ለሕይወታችን የሚያስፈልገን ቃል ሳይጎድል ተጠብቆልናል። ነገር ግን የሐዋርያ ብዕር የነካው ሁሉ እንኳ ለእኛ እንዲቆይ እግዚአብሔር አልፈቀደም። ያ የጠፋ ደብዳቤ ግን በከንቱ ተጻፈ? አይደለም። በቆሮንቶስ ተነበበ፤ የሰሙት ሰዎች ነበሩ፤ ሥራውንም በጊዜው ሠራ።

እኛ እንደምናምነው የዘመናችን አገልግሎት አንዱ ሕመም ይህን መርሳቱ ነው። ወጣት ዘማሪ መዝሙሩ በዩቲዩብ ስንት ሰው እንዳየው ሌሊት እየተነሣ ይቆጥራል። ሰባኪ በፊቱ ከተቀመጡት ሃምሳ ነፍሳት ይልቅ ሌንሱን እያየ ይሰብካል። ቁጥሩ ሲወርድ ጥሪያቸውን የሚጠራጠሩ አገልጋዮች አውቀናል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ አገልግሎቱን ትተው ሄደዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው የአገልግሎቱን ዋጋ በሚቀረው ቀረጻ ከለካው፣ አንድ ቀን የሚጣልበትን ነገር መሠረት አድርጎ ቆሟል። ዱሞንትም በዘመኑ ታላቅ ይመስል ነበር። ዩቲዩብም፣ ፌስቡክም፣ ቴሌግራምም አንድ ቀን ያልፋሉ።

ፍርፋሪውን ሰብስቡ

"ታዲያ መቅረጽ ስሕተት ነው?" የሚለን ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ታመው ከቤት ለቀሩ፣ በአረብ አገር በሰው ቤት እየሠሩ በስልካቸው ስብከት ለሚሰሙ እኅቶቻችን ካሜራው ታላቅ በረከት ነው። ጌታም እንጀራውን ከባረከ በኋላ የተረፈው ቁርስራሽ ምንም እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዟል (ዮሐ. 6፥12)። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ እንበል። መጀመሪያ ሕዝቡ በላ፤ ቀጥሎ የተረፈው ተሰበሰበ። እኛ ያንን እሑድ መሶቡን ስንፈልግ እንጀራው ከፊታችን አለፈ።

ኤዲ አዳምስ ስለ ባሕሩ ነገር የመሰከረችው በከንቱ አልነበረም። ባለቤቷ ኧርኒ ኮቫክስ የቴሌቪዥን ኮሜዲያን ነበር፤ በ1962 በመኪና አደጋ ሲሞት ሥራዎቹ እየተደመሰሱ ነበር። እርሷ የተረፉትን ቴፖች በገንዘቧ ገዝታ አዳነች። ለራስ ክብር መቅረጽ አንድ ነገር ነው፤ የሌላውን ድካም በፍቅር መጠበቅ ግን ሌላ ነው።

ይህ ሁለተኛው እኛንም በብርቱ ይመለከተናል። በአገራችን ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በደርግ እስከ ተወረሰ ድረስ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ከአዲስ አበባ ቃሉን ያሰማ ነበር። ያን ድምፅ የሰሙ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። በዚያ ዘመን በየቤቱ ተደብቀው የጸለዩም አሉ። እነርሱ ስለ ራሳቸው አይናገሩም። ካልጠየቅናቸው ታሪካቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ የሚጎዳውም ተከታዩ ትውልድ ነው። ስለዚህ ስልካችንን አንዳንዴ ከራሳችን መልሰን ወደ እነርሱ እናዙረው። "አባባ፣ ያኔ ጌታ እንዴት አሻገራችሁ?" ብለን እንጠይቅ።

በእኛ ቤት ከዚያ እሑድ በኋላ ትንሽ ነገር ለውጠናል። ስርጭቱ ሲቋረጥ አንድ ሰው ብቻ ካሜራው ዘንድ ይቀራል፤ ሌሎቻችን ወደ ጉባኤው ገብተን እንቀመጣለን። ሁልጊዜ ቀላል አይደለም፤ እጃችን ወደ ገመዱ ይሄዳል። ዳሩ ግን እግዚአብሔር ለስሙ ያሳየነውን ፍቅር ይረሳ ዘንድ ዓመፀኛ እንዳልሆነ (ዕብ. 6፥10) ለራሳችን እናስታውሳለን።

ወገኖች ሆይ፣ ዛሬ ማንም ሳያያችሁ የምታገለግሉ፣ ስማችሁ በማንም ፖስተር ላይ የሌለ፣ አይዟችሁ። ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁም፣ ሰው የረሳችሁ ቢመስላችሁ፣ የማይረሳ አምላክ እንዳለ እወቁ። በልጁ በኢየሱስ በኩል ወደ እርሱ ቅረቡ፤ ስማችሁንም በሕይወት መጽሐፍ ያኖረዋል።

ጌታ ሆይ፣ ለመታየት ሳይሆን አንተን ለማየት የሚናፍቅ ልብ ስጠን። በፊታችን ያስቀመጥኸውን ሰው እንዳናልፈው ዓይናችንን ክፈት። አሜን።