ወንጪ ደርሰን ምን ትተን መጣን?

ባለፈው እሁድ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የተሰባሰብን አሥራ ሁለት ጓደኛሞች ሚኒባስ ተከራይተን ወንጪ ሄድን። ምግቡን፣ የታሸገውን ውሃ፣ ለስላሳውን፣ ከሰሉን ሳይቀር ከዚሁ ጫንን። «እዚያ ይወደዳል» ተባለ፤ እኔም «ልክ ነው» ብዬ አዋጣሁ። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ሰው ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም።

ወንጪ ለኛ ቅርብ ነው። ከሰበታ የጅማን መንገድ ይዞ በወሊሶ፣ ከቡራዩ ደግሞ በሆለታና በጊንጪ አድርጎ በአምቦ ይገባል። ሐይቁ በወሊሶና በአምቦ መካከል ባለው ተራራ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል። እኛ በወሊሶ ሄደን በአምቦ ተመለስን።

ከተራራው ጠርዝ ላይ ቁልቁል ሲያዩት፣ ሐይቁ፣ ደሴቱ፣ የቂርቆስ ገዳም፣ የእንሰቱ ማሳ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይታያል። ሚኒባስ ውስጥ ሲጮህ የነበረው ሁሉ ዝም አለ።

ትልቅ የተራራ ሐይቅ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እንደ ጄኔቫ ሐይቅ ያለውን፣ ግግር በረዶ ቦርቡሮ የሠራውን ነው። በረዶ የሠራው እኛም አለን፤ በባሌ ተራሮች፣ 4,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ከፍታ ላይ ያለው ገርባ ጉራቻ። እሱ ግን ትንሽ ነው። ወንጪን የሠራው እሳት ነው። እሳተ ገሞራው ፈንድቶ አናቱ ሲደረመስ ጉድጓድ ሆነ፤ ጉድጓዱን ውሃ ሞላው።

ይህን ያነሳሁት ለዕውቀት ያህል አይደለም። ወንጪን እንደ ጎድጓዳ ሳህን አስቡት። ከጠርዙ ወደ ውስጥ የዘነበ ዝናብ የሚወርደው ወደ ሐይቁ ነው። የተሸረሸረ አፈር፣ የልብስ ሳሙና፣ እኛ የጣልነው ላስቲክ፣ ሁሉም መንገዱ ቁልቁል ነው።

ፈረስ እየመራ ያወረደኝ ወጣት ያለኝን አልረሳውም። «እናንተ ከከተማ ሁሉን ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ ይዛችሁ የማትሄዱት ባዶውን ብቻ ነው።» ዞር ብዬ አየሁ። የበላንበት ሣር ላይ የኛው ፌስታልና ኮዳ ተበትኗል። ለአገሩ ሰው የፈረስ ኪራይ የከፈልነው ሦስታችን ብቻ ነበርን።

ወንጪ በ2012 ይፋ በሆነው ገበታ ለሀገር ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመርጧል። በ2014 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎታል። ስሙ ሲገን እንግዳው ይበዛል፤ በየቴሌግራሙ የእሁድ ጉዞ ማስታወቂያውም እንዲሁ።

«ሎጁ የሀብታም ነው፤ እኛ ምሳችንን ቋጥረን ብንሄድ ምን ነውር አለው?» የሚል ይኖራል። ነውር የለውም። በዚህ ኑሮ አሥራ ሁለት ሰው ምግብ ቤት ይግባ የሚል ሰው ኪሳችንን አያውቅም። ግን ቢያንስ ፈረሱን እዚያው እንከራይ፣ ማሩን እዚያው እንግዛ። ሐይቁን የሚጠብቀው ጠርዙ ላይ የሚኖረው ገበሬ ነው፤ ከሐይቁ ምንም ካላገኘ ተዳፋቱን ከማረስ ሌላ ምን ምርጫ አለው?

የጄኔቫ ሐይቅም ሀብታም አገር ስላለ ብቻ አልዳነም። ውሃው በፎስፌት ተበክሎ ነበር፤ ስዊዘርላንድ በ1986 እ.ኤ.አ. ፎስፌት ያለበትን የልብስ ሳሙና እስከ መከልከል ደርሳለች። ከሳሙና ነው የተጀመረው።

ስንመለስ ቡራዩ ከመድረሳችን በፊት ገፈርሳን አለፍን። እዚያ ማንም ወርዶ ላስቲክ አይጥልም፤ ለአዲስ አበባ የሚጠጣ ውሃ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ወንጪ ሲሆን ምን ነካን? የሌላ ሰው ውሃ ስለሆነ?

የእሁድ ጉዞ ለምታዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች አንድ ሐሳብ አለኝ። ከእያንዳንዱ ተጓዥ ትንሽ መያዣ ገንዘብ ተቀበሉ፤ ባዶውን በማዳበሪያ ይዞ መኪና ውስጥ ለገባ መልሱለት። አዋጅም በጀትም አይጠይቅም።

እኛ አሥራ ሁለታችን ከክረምት በኋላ እንደገና ለመሄድ ተስማምተናል። በዚህኛው ጉዞ ከሰሉ ይቀራል፤ ማዳበሪያው ይጫናል።